ደህና ሆና ያየኋት ሰዓት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬ ስህተቱ ከዓርቡ ያንሳል። ቢያንስም አለ። ከፎቅ የወደቀውን ሰውዬ ሁለት ጎረምሳ እጅና እግሩን ይዞ እንደ ከረጢት አነሳው። አንገቱን የደገፈ የለም። ሐኪሙ ዓይኑን በስልክ መብራት አየና ቀዶ ጥገና ክፍል ብሎ ጮኸ። ሲቲ ስካን የለ፣ ምን የለ። ሰውዬው ራሱ ተከፍቶ ሲወጣ ፀጉሩ እንደተበጠረ ነው። ሌላም ነበር፤ አስካለ በክርኗ ስትጎስመኝ አመለጠኝ።

አስካለ ሚስቴ ናት። ድራማው ከጀመረ እስኪያልቅ ትንፍሽ እንዳልል ከልክላኛለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ማታ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አፌ የእኔ አይደለም። ስለዚህ ለአንተ እነግርሃለሁ፣ ደብተር። አንተ አትጎስምም። አታኮርፍም።

ሆስፒታል ውስጥ ነው ድራማው። ነጭ ጋውን፣ ቆንጆ ሐኪሞች፣ ብዙ ልቅሶ። ግማሽ ልደታ የሚያየው እሱን ነው። ከእኛ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቆሜ ብሰማ ከሁሉም በር አንድ ሙዚቃ ነው የሚወጣው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ሕግ ተጣሰ። የጣስኩት እኔ ነኝ። አልጸጸትም።

ወ/ሮ ዘነበች፣ የፊት ለፊት ጎረቤታችን፣ ከአብነት የመጡ ምራቷንና የምራቷን እናት ይዛ ገብታለች። የእሷ ቴሌቪዥን ምስል ያዛባል። ልሠራላት ብዬ ነበር፤ ዓይኔ ግን አላይ አለኝ። አስካለ ቆሎ አቅርባለች። ቤቱ ሞልቷል።

ድራማው ውስጥ አንድ ወጣት ኮሪደር ላይ ወድቆ ይንፈራገጣል። የሚጥል በሽታ ነው። ሦስት ሰው ተጋድሞበታል። ነርሷ፣ ነጭ የለበሰችው፣ የተማረችው ነርስ፣ ከኪሷ ክብሪት አውጥታ ጫረችና አፍንጫው ሥር አጤሰችበት። ልጁ ዓይኑን ገለጠ። አመሰገናት።

ተነሳሁ። ጮህኩ። ከሶኬቱ ነቀልኩት።

ታውቃለህ ለምን እንደሆነ፤ ካልነገርኩህ ልንገርህ። ታናሽ ወንድሜ ጌታቸው የሚጥል በሽታ ነበረበት። በወደቀ ቁጥር ሰፈሩ ክብሪት ያሸተው ነበር። የመጨረሻው ቀን ሰው ሁሉ ክብሪት ሲፈልግ እሱ በአፍ ጢሙ ተደፍቶ ነበር። ወደ ጎን ያገላበጠው አልነበረም። እኔም እዚያ ነበርኩ፣ እኔም ክብሪት እፈልግ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሬዲዮና ቴሌቪዥን እየጠገንኩ ያገኘሁትን የእንግሊዝኛ የሕክምና መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት አንድ በአንድ ተርጉሜ ያነበብኩት በዚያ ምክንያት ነው። ት/ቤት የሄድኩት ትንሽ ነው። ስለ አንጎል የማውቀውን ግን በልመና አላገኘሁትም።

እና ይኼን ለሚሊዮን ሕዝብ ያሳያሉ። ነገ ማነው ልጁን ወደ ጎን የሚያገላብጠው?

እንግዶቹ ቆሎውን በእጃቸው እንደያዙ ወጡ። አስካለ በሩን ዘጋችና መጣች። አልጮኸችም። «ሰው እኮ ሊማር አይደለም የሚያየው» አለችኝ። «ውሎ ደክሞት ነው የሚያየው። አንተ ግን የደከመው ሰው አይተህ አታውቅም፤ የተሳሳተ ሰው ብቻ ነው የምታየው።»

ነገም ቢያሳዩት ነገም እነቅለዋለሁ አልኳት።

ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ኩርፊያ ገብቷል። አውቀዋለሁ፤ አሮጌ እንግዳ ነው። ምሳ ሲደርስ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ለግድግዳው «ለሚበላ ሰው ምሳ አለ» ብላ ተናገረች። እኔም ለግድግዳው የሚበላ ሰው ጨው አንሶታል አልኩ። ጨው አልመጣም።

ዘነበች ከሰዓት ብቅ ብላ ለመሸምገል ሞከረች። እርስዎ ትልቅ ነዎት ጋሼ፣ አንድ ቃል ቢናገሩ ምን አለበት አለችኝ። ትልቅ ብሆን ነው የማልናገረው አልኳት። ማታ ደግሞ አቶ ሰይፉ፣ የእድራችን ዳኛ፣ ደረጃ ላይ ያዘኝ። ሰምቷል። ሐጂ ሱልጣንን ይዤ ልምጣ ወይ አለ። ሐጂ ታች ሱቅ ያላቸው፣ የሰፈሩ ሁሉ አስታራቂ ናቸው። በኔና በአስካለ መካከል ከተጋባን ጀምሮ ሽማግሌ ገብቶ አያውቅም፣ አይገባምም አልኩት። ሳቀ። እሱ ሲስቅ ደስ አይለኝም።

ድራማው ተከፍቷል። እሷ ሶፋው ጫፍ፣ እኔ ወንበሬ ላይ። አንድ ስህተት ብቻ አገኘሁ። ያለ ክርን ድራማ ማየት እንዲህ ይቀልል እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ዛሬ ትልቁ ትዕይንት ነበር። ባለሀብቱ ሰውዬ ስትሮክ መታው። ጽፈውታል አይባልም፤ ለቅሶ ቤት ነው ያደረጉት። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ጮኸ፣ ብርጭቆ ጣለ፣ ጠረጴዛ ገለበጠ፣ በደረጃው ተንከባለለ። አምቡላንሱ ሴት ልጁ ስልኩን ሳትዘጋ ደረሰ። በአዲስ አበባ!

ይኸውልህ እውነቱ። ደም ሲፈስ ራስ ምታት ሊኖር ይችላል። ደም ስር ሲዘጋ ግን ብዙ ጊዜ አያምም። አይጮኽም። ሰው ተቀምጦ ሳለ እጁ ይከብደዋል፣ አፉ ይንጋደዳል፣ ቃል ይጠፋዋል። አጠገቡ ያለ ሰው ካላስተዋለ ማንም አያውቅም። ይኼን ማሳየት ምን ያስቸግራል? ተዋናዩ አርፎ ቢቀመጥ በቂ ነበር።

ዘነበች ዛሬም እኛ ጋ ነበረች። ምራቷን ይቅርታ እንድጠይቅ በዓይኗ ስትጠብቅ አመሸች። አልጠየቅሁም።

የአስካለ ኩርፊያ ብሷል። መሐል ላይ ሪሞቱን ወረወረችው። ወለል ላይ ወድቆ ባትሪው ወጣ። አላነሳችውም፣ አላየችውምም። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ራቷን ግማሹን ትታዋለች። ዘነበች ስትወጣ ደህና እደሪ አለቻት፤ መልስ የለም። «ዛሬ ደግሞ እኔንም አኮረፍሽኝ?» ብላ እየሳቀች ሄደች። አስካለ ጫማዋን እየጎተተች ወደ መኝታ ገባች። ሆን ብላ ነው፣ እንድሰማው። በዚህ ዕድሜ የልጅ ሥራ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ከሰዓት በኋላ፣ ሆስፒታል

አግዳሚ ላይ ነኝ። 

ጠዋት ስነሳ አልጋው ጫፍ ተቀምጣለች። ቀሚሷን በግራ እጇ ለማጥለቅ ትታገላለች። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ወድቋል፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ከቀናት በኋላ መጀመሪያ ያናገርኩ እኔ ሆንኩ። አስካለ አልኩ። ዞረች። አፏ ወደ አንድ ወገን ሄዷል። «እንዴ» አለች። ምን ሆነሽ አልኳት። «እንዴ። እንዴ።»

ማታ ነው። ሪሞቱን አልወረወረችውም፣ ወደቀባት። ጫማዋን አልጎተተችውም፣ እግሯ አልነሳ ብሏት ነው። እኔ እዚያው ነበርኩ። ስትሮክ አይጮኽም ብዬ እየጻፍኩልህ ነበር።

ዘነበችን ጠራኋት። ገና ስታያት ምች መትቷታል ብላ ዳማከሴ ልታመጣ ሮጠች። አምጥታ በእጇ ስትጨምቀው ያዝኳት። ምች አይደለም፣ አፏም ውስጥ ምንም እንዳታስገቢ፣ ውሃም ቢሆን አልኩ። የላይኛው ፎቅ ልጆች በወንበር ተሸክመው አወረዷት። ደረጃው ጠባብ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ወንበሩን ሊያዘነብሉባት ነበር። ጎን ቤት ያለው ሰው በራሱ መኪና ወሰደን። ተክለ ሃይማኖት ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። በቀኝ በኩል ተቀምጬ እጇን ይዤ ነበር። እንደያዝኳት አታውቅም። በዚያ በኩል አይሰማትም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስሟን አይደለም፣ ዕድሜዋንም አይደለም። «አባባ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው ያዩዋቸው መቼ ነው?»

 ያልሰማሁ መስሏት ጮክ ብላ ደገመችው። ደህና ሆነው፣ እንደ ወትሮው ሲያወሩ የሰሙበት ሰዓት።

አላውቅም አልኳት።

ልጃችን ምሕረት ደርሳለች። እሷ ጀሞ ነው የምትኖረው፤ ዘነበች ናት የደወለችላት። «እንዴት አያውቁም አባባ? አንድ ቤት አይደል ያላችሁ?» አለችኝ። ተኳርፈን ነበር አልኳት፣ ከማክሰኞ ጀምሮ። በምን ተጣልታችሁ አለች። ነገርኳት። ሐኪሟ እዚያው ቆማለች፣ እስክሪብቶዋን እንደያዘች። ምሕረት ጣሪያውን አየች። «ለድራማ» አለች። 

ምሕረት ለዘነበች ደወለች። ዘነበች ዓርብ ምሳ ሰዓት ደረጃ ላይ አግኝታት ስለ ቲማቲም አውርተዋል፣ ደህና ነበረች። ማታ ግን አልመለሰችላትም። ሐኪሟ ያንን ጻፈች። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት እንዳለ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ካልሆነ እንደማይሰጥ፣ ሁልጊዜም እንደማይሠራ፣ ሁሉ ቦታም እንደማይገኝ ነገረችን። የመጨረሻውን የጨመረችው ለእኔ ብላ ነው። ገብቶኛል። መጽሐፌ ውስጥ ስለ መድኃኒቱ የለም፤ መጽሐፌ ያረጀ ነው። ስለ ሰዓቱ ግን ከሬዲዮ ሰምቼ ለዘነበች ስንት ጊዜ አስረድቻታለሁ።

በዚያ ድራማ ውስጥ አንድም ሐኪም መቼ ጀመራቸው ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ይኼን ስህተት ግን አልመዘገብኩም። አላየሁትም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሲቲ ስካኑ ያሳየው ጉዳት በአንጎሏ ግራ በኩል ነው። ቃል የሚሠራበት ሰፈር።

ወደ ኋላ ገልጬ አየሁህ። ስለ ቴሌቪዥኑ ሁሉ አለ። ስለ እሷ ሐሙስ ቀን ምን እንዳለች፣ አለች ወይ አላለችም፣ ምንም የለም። ሐሙስ ጨርሶ አልጻፍኩም፤ ድራማው ያን ቀን በእግር ኳስ ተተክቶ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ትኩሳት የለም። እግ/ር ይመስገን።

ነርሷ ውሃ በማንኪያ ሰጥታ ጉሮሮዋን አየች። ትንሽ አሳላት። ስለዚህ በአፏ ገና ነው። ዘነበች አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ መጥታ ነበር፤ መልሼ ሰደድኳት። ሰው በረሃብ ሊገሏት ነው ብላ ኮሪደሩ ላይ አለቀሰች። ቢያንቃት ሳንባዋ ውስጥ ይገባል አልኳት። ድራማው ላይ ለባለሀብቱ ብርቱካን ጭማቂ ሰጥተውት ጠጥቷል አለችኝ። እሱ ተዋናይ ነው ዘነበች አልኩ። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። ምሕረት ቀና ብላ አየችኝ።

ትክክል ነበርኩ። ትክክል መሆኔ ለአስካለ አንድ ማንኪያ ውሃ አልሆናትም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ቤት ገባን። እነዚያው ልጆች በዚያው ወንበር አወጧት። አሁን ዘዴውን ለምደዋል፤ መታጠፊያው ላይ ቆመው ተቀያየሩ። አንደኛው እማማ ቀለዋል፣ ሆስፒታሉ አልቀለባቸውም ብሎ ቀለደ። «እንዴ!» አለች። ሁሉም ሳቁ። እሷም የሳቀች መሰለኝ፤ አፏ ተንጋዶ ስለሆነ እርግጠኛ አይደለሁም።

ያላት ቃል ያ ነው። «እንዴ»። ውሃ ስትፈልግ እንዴ፣ ምሕረት ስትመጣ እንዴ፣ ትራሱ ሲቆረቁራት እንዴ። መጀመሪያ አንድ መስሎኝ ነበር። አንድ አይደለም። ድምፁ ይለያያል። ሬዲዮ ስጠግን ጣቢያው ሳይያዝ ዜና ይሁን ዘፈን በድምፁ ቅላጼ እለይ ነበር። እንደዚያ ነው።

ለእኔ ግን ብዙም አትለውም። ስገባ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። በሽታው ነው ወይስ ኩርፊያው? ይኼን የሚለይ ምርመራ የለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ቤት ድረስ መጣች። ምሕረት ናት ያመጣቻት። እጇን፣ እግሯን አሠራቻት፤ ከዚያ እኔን አስቀመጠችና ተማር አለችኝ ማለት ይቻላል። አጭር ዓረፍተ ነገር ተናገር። አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ። ከጠየቅክ በኋላ ጠብቅ፣ ከምትችለው በላይ ጠብቅ። ቃል ስትፈልግ ቀድመህ አትጨርስላት። ስትሳሳት አታርም።

ምሕረትን በዚህ ጊዜ ሳል ያዛት። ሳቅ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቀችኝ። እሺና እምቢ ሊቀያየሩባት ይችላሉ፤ አዎ ለማለት ፈልጋ ራሷን ወደ ጎን ልትነቀንቅ ትችላለች። ለቁም ነገር ጥያቄውን ገልብጣችሁ ሁለተኛ ጠይቁ አለች። ራበሽ ብላችሁ፣ ጠግበሻል ደግሞ በሉ። ሁለቱ መልስ ከተስማሙ፣ ለአንዱ አዎ ለሌላው አይ ካለች፣ የልቧ ነው፤ ካልተስማሙ ቆይታችሁ እንደገና ሞክሩ።

ሞከርኩት። ሻይ ልስጥሽ? ወደ ታች ነቀነቀች። ሻዩን ልውሰደው? አሁንም ወደ ታች ነቀነቀች። አልተስማሙም። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ደገምኩ። ሻዩ በረደ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ምሽት 3 ሰዓት። ይኼን ሳልጽፍ አልተኛም።

ቴሌቪዥኑን ከታመመች ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር። ዛሬ በግራ እጇ ወደ እሱ እያመለከተች «እንዴ፣ እንዴ» አለች። ከፈትኩ። ዘነበች ሙዚቃውን ሰምታ ገባች።

ባለሀብቱ ነበር። ራሱን ካወቀ በኋላ አንደበቱ ተይዟል። ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጧል። ውጭ አገር የቀረ ልጁ በድንገት በሩን ከፍቶ ገባ፣ አባዬ አለው። ባለሀብቱ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ሙሉ ንግግር አደረገ። የንብረት ክፍፍሉን ሳይቀር ተናገረ። ከአልጋውም ተነሳ። ዘነበች አለቀሰች፣ አየሽ አስካልዬ፣ አየሽ እያለች ጉልበቷን ትመታለች። አንቺም አንድ ቀን እንዲሁ ነው፣ በድንገት ይፈታልሻል አለቻት።

አስካለ ዞራ እኔን አየችኝ። ከተጣላንበት ማክሰኞ ወዲህ ዓይኔን እንዲህ አይታው አታውቅም። ያልተያዘው የፊቷ ወገን ሁሉ ወደ እኔ ነበር። ትጠብቃለች።

በዚህ ቤት ውስጥ ድራማ ላይ እንድናገር ስጠበቅ የመጀመሪያዬ ነው። ዝም ማለት እችል ነበር። ዘነበች እንዳለችው ይሆናል ማለትም እችል ነበር። ሦስት ቃል ነው።

«ውሸት ነው አስካለ» አልኳት። አጭር አጭር አድርጌ። «በድንገት አይፈታም። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ወራት ይፈጃል። ሁሉም ላይመለስ ይችላል። ግን ይሻሻላል።»

ዘነበች ተነሳች። «ጋሼ እርስዎ ልብ የለዎትም!» ብላኝ በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

አስካለ ከዚያ በግራ እጇ ሪሞቱን ከጎኗ ፈለገች፣ አገኘችው፣ አጠፋችው። ወደ ግድግዳው ዞረች።

አመነችኝ ወይስ ጨከንኩባት? አላውቅም። እንደገና አላውቅም። በሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ያልኩትን ቃል ቤቴ ውስጥ በየቀኑ እየደገምኩ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

አሰብኩበት። ታማ ኩርፊያው ተረሳ ብዬ ነበር የያዝኩት። ማን ረሳው? እኔ ነኝ። እሷ አልተጠየቀችም። ማክሰኞ ማታ እንደተዘጋ ነው ያለው።

ወረድኩ። ሐጂ ሱልጣን ሱቃቸው ውስጥ ስኳር ይመዝናሉ። አቶ ሰይፉም እዚያው ነበር። ሽማግሌ እንድትሆኑኝ ነው የመጣሁት አልኩ። ከማን ጋር ተጣልተህ ነው አሉኝ ሐጂ። ከአስካለ ጋር አልኳቸው። ሚዛኑን ተዉት። አቶ ሰይፉ አልሳቀም። «አቶ አበራ፣ እሷ እኮ መናገር አትችልም» አለኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብል። ኩርፊያ መቼ በመናገር ሆኖ ያውቃል አልኩት።

ሐጂ ግን «አንተ ሰው፣ ስንት ጊዜ እንምጣ ብለንህ እምቢ ስትል ኖርክ» አሉ። «አሁን ሴትየዋ አፍ ስታጣ ነው የጠራኸን?»

 አዎ አልኩ።

ጾም ሳይገባ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ይመጣሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ምሕረት ሰምታ ደወለች። እናቴን በሰው ፊት ሊያሳፍሯት ነው ወይ አለችኝ። ባትችል፣ ቢደናገራት፣ ብታለቅስስ? ይኼን አላሰብኩበትም ነበር፤ ልክ ናት። ማታ አስካለን ጠየቅኋት። ነገ አቶ ሰይፉና ሐጂ ይመጣሉ። ለኩርፊያችን ነው። ይምጡ? ጠበቅሁ። ነቀነቀች፣ ወደ ታች። ይቅሩ? ጠበቅሁ። ወደ ጎን፣ ሁለት ጊዜ። «እንዴ።» ከዚያ በጣቷ ነጠላዋ የተሰቀለበትን አሳየችኝ፣ ነጩን። ለነገ።

እሁድ፣ ኅዳር 14። ምሽት

መጡ። ሐጂ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ አቶ ሰይፉ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ምሕረት እናቷን አበጥራ ነጠላዋን አልብሳ ትራስ ደግፋ አስቀምጣታለች። ዘነበችም መጣች። ከሐሙሱ ወዲህ አላናገረችኝም፤ ቀጥ ብላ ከአስካለ ጎን ተቀመጠች፣ እንደ ጠበቃ።

አቶ ሰይፉ ረጅም መግቢያ ጀመረ። እግ/ር የሰጣችሁን ትዳር ምናምን። አቋረጥኩት። ለእሷ አጭር ነው የሚያስፈልጋት። ጥፋተኛው ይናገር አሉ ሐጂ።

ተነሳሁ። ጉልበቴ ላይ መውረድ አሁን ለእኔ ቀላል አይደለም፤ የሶፋውን ክንድ ይዤ ወረድኩ። በእንግዶችሽ ፊት አሳፈርኩሽ አልኳት። ጠበቅሁ። ኩርፊያሽን እንጂ አንቺን አላየሁም። ጠበቅሁ። ዓርብ ማታ አጠገብሽ ሆኜ አላወቅሁም።  ስለ ክብሪቱ በተናገርኩት ግን ይቅርታ አልጠየቅሁም። ክብሪቱ ስህተት ነው፤ ነገም ስህተት ነው። ምሕረት በኋላ እንኳንም ይኼን አልተናገሩት አለችኝ። አልተናገርኩትም። አስካለ ግን ከዓይኔ ያወቀች ይመስለኛል።

«ይቅር ብለሽኛል?» አልኳት።

ጠበቅሁ። ሁሉም ጠበቀ። ታች መንገድ ላይ የታክሲ ረዳት አብነት፣ አብነት እያለ ይጠራል።

ራሷን ወደ ጎን ነቀነቀች። አይ።

አቶ ሰይፉ ጉሮሮውን ጠራረገ። ዘነበች ከደስታ ብዛት ተደናግሯት ነው አለች። ባለሙያዋም እሺና እምቢ ይቀያየሩባታል ብላለች አለች ምሕረት። አቶ ሰይፉ እጁን አነሳ። እንግዲህ እሺ እንዳለች ቆጥረን እንመርቅ፣ ልቧ አውቋል አለ።

አይሆንም አልኩ። ገና ወለሉ ላይ ነኝ።

ጥያቄውን ገለበጥኩት። «አስካለ፣ አሁንም ቂም ይዘሽብኛል?»

ከበፊቱ ፈጠን ብላ ወደ ታች ነቀነቀች። አንድ ጊዜ፣ ጠንከር አድርጋ። «እንዴ!» አለች። ያ «እንዴ» ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ይጠየቃል ወይ ማለት ነው።

ሁለቱ መልስ ተስማሙ።

ሐጂ ሱልጣን ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ፈረደችብህ አበራ!» ምሕረት እያለቀሰች ትስቃለች። እኔ ተነሳሁ፣ ዘነበች ክንዴን ይዛ አነሳችኝ፣ ሳታስበው። እኔም ሳቅሁ። ተቀየመችኝ። ጥያቄው ገብቷታል፣ አስባበታለች፣ በቂሟ ልክ መልስ ሰጥታበታለች። ውስጥ አለች። ሙሉ ሴትዮ ናት ያለችው።

አቶ ሰይፉ ግን አልተዋጠለትም። በሩ ላይ ጎተት አድርጎኝ ጾም ሊገባ ነው፣ ሕመምተኛ ናት፣ እሺ ብላለች ብለን ብንለያይ ማንን ይጎዳል አለኝ። አስካለ በሕይወቷ እምቢ ብላ እሺ አስመስሎ የተረጎመላት ሰው የለም አልኩት። አሁን አፏ ስለተያዘ አንተ አትጀምርም።

ምሕረት አድራ ትሄዳለች። አስካለ ተኝታለች።

ሽማግሌዎቹን ደግመው እንዳይመጡ ነግሬአቸዋለሁ። ነገ ጠዋት ፊቷን ካጠብኳት በኋላ ራሴ እጠይቃታለሁ፣ ጥያቄውን ወዲህም ወዲያም ገልብጬ። አይ ካለች ከነገ ወዲያ እጠይቃታለሁ።